ልጅን ለካቶሊክ ትምህርት ቤት አዲስ ዓመት ማዘጋጀት፦ ከነሐሴ እስከ መስቀል

ነሐሴ ሲጋመስ ስልኬ እረፍት ያጣል። "ካቶሊክ ካልሆንን ይቀበሉናል?" "ምን ምን ይዤ ልሂድ?" "ቅዳሴ ላይ ልጄ ምን ታድርግ?" ዘንድሮ አራተኛዋ ጎረቤቴ ስትደውል፣ ጽፌው ልገላገል አልኩ። የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ሦስት ልጆቼ የሚማሩት ደናግል፣ ማለትም "ሲስተር" የምንላቸው የካቶሊክ መነኮሳት፣ በሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤት ነው። ከታች የምነግራችሁን አብዛኛውን የተማርኩት ተሳስቼ ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ አሁኑኑ ልመልሰው። አዎ፣ ይቀበላሉ። ካቶሊክ ትምህርት ቤት ኦርቶዶክሱንም፣ ሙስሊሙንም፣ ፕሮቴስታንቱንም ያስተምራል። የትንሿ ልጄ ክፍል ውስጥ ካቶሊኮቹ በጣት ይቆጠራሉ። የሚቸግረው ቦታ ማግኘት ነው።

የቀረው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ከጳጉሜን በፊት ያላለቀ ነገር በዓሉ ይበላዋል። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ 6። እሷም በዶሮ፣ በቅቤና በሽንኩርት ነው የምታልቀው። ልብስ ሰፊው፣ ፎቶ ቤቱ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ሁሉም ያን ሰሞን ወረፋ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ወረቀት፦
- የልደት ምስክር ወረቀት፣ ዋናውና 2 ኮፒ
- ያለፈው ዓመት ሪፖርት ካርድ፤ ከሌላ ትምህርት ቤት ለሚዛወር ደግሞ መሸኛ
- ለኬጂ ልጅ የክትባት ካርድ
- የልጁ ጉርድ ፎቶ 4፣ የወላጅ 2፣ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያወጣው ሰው 2
- የወላጅ መታወቂያ ኮፒ
- ካቶሊክ ለሆናችሁ ከቁምስናችሁ የጥምቀት ምስክር ወረቀት

ዕቃ፦
- ዩኒፎርም 2፣ ሹራብ፣ የስፖርት ቱታ
- ጥቁር ጫማና የጭቃ ቦት
- ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ማስመሪያ፣ እስክሪብቶ
- ካኪ ወረቀት፣ ላስቲክ፣ መቀስ፣ ፕላስተር
- ክዳኑ ጥብቅ የሚል ምሳ ዕቃና የውሃ ኮዳ
- ነጭ ጥብጣብ፣ የማይለቅ ማርከር፣ መርፌና ክር
- ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ። ጃንጥላ አትግዙ፤ ትንሽ ልጅ ጃንጥላ ይዞ ይሄዳል እንጂ ይዞ አይመለስም።

1. ቦታው የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ

ነባር ተማሪ ቢሆንም በየዓመቱ ይመዘገባል። "ልጄ እዚያው ነው የሚማረው፣ ምን ምዝገባ ያስፈልገዋል" ብለው የተቀመጡ ሰዎች መስከረም ላይ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። የክፍል ድልድሉ የሚሠራው ከተመዘገቡት ስም ዝርዝር ነው። ስማችሁ ከሌለ ወንበሩ ተጠባባቂ ላይ ላለ ልጅ ይሄዳል።

ለአዲስ ገቢ፣ ለ1ኛ ክፍል የሚጠየቀው ዕድሜ 7 ዓመት ነው። የልጁን ዕድሜ ጨምሮ ማስመዝገብ ያዋጣል የሚል ሰው ካለ አትስሙት። ወረቀቱና አፉ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ልጁ ነው የሚሳቀቀው።

ከከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። ትምህርት ቤቱ ያለው አዲስ አበባ ውስጥ ነው ወይስ ሸገር ከተማ? ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ሸገር ደግሞ ኦሮሚያ ነው። ከቤታችሁ አንድ አስፋልት ተሻግራችሁ ሥርዓተ ትምህርቱም ቋንቋውም ሊለወጥ ይችላል። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናም በክልልና በከተማ አስተዳደር ደረጃ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ልጃችሁን 5ኛ ወይም 7ኛ ክፍል ላይ ከወዲያ ወዲህ ከማዛወራችሁ በፊት "በየት በኩል ነው የሚፈተነው? በምን ቋንቋ?" ብላችሁ ጠይቁ። ፈተናው ሲደርስ መመለስ የለም።

2. ወረቀቱን በአንድ ፋይል አድርጉ

ስሙን በፊደል በፊደሉ አስተያዩ። የልደት ወረቀቱ ላይ "ኃይለማርያም"፣ ሪፖርት ካርዱ ላይ "ሀይለ ማሪያም" ከሆነ ዛሬውኑ አስተካክሉ። የእንግሊዝኛውን አጻጻፍም እንዲሁ። ለክልልና ለብሔራዊ ፈተና የሚላከው ስም ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ነው የሚገለበጠው። 1ኛ ክፍል ላይ በአምስት ደቂቃ የሚስተካከል ፊደል 12ኛ ክፍል ላይ ስንት ቢሮ ያዞራል።

*ማስጠንቀቂያ፦* የልደት ምስክር ወረቀቱን ዋናውን አስረክባችሁ አትምጡ። አሳዩ፣ ኮፒውን ስጡ፣ ዋናውን ይዛችሁ ተመለሱ።

3. ክፍያውን ፈጽሙ

በባንክም ሆነ በቴሌብር ስትከፍሉ የልጁን ሙሉ ስምና ክፍል ምክንያቱ ላይ ጻፉ። "የትምህርት ቤት" ብቻ ብላችሁ ከላካችሁ ገንዘብ ቤቱ የማን እንደሆነ አያውቅም፣ እናንተም ያልከፈላችሁ ተብላችሁ ትጠራላችሁ። ደረሰኙን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀለም በጥቂት ወር ይጠፋል።

በግለሰብ ስም ወዳለ ሒሳብ በጭራሽ አትላኩ። "የሒሳብ ሠራተኛው ነኝ፣ ቦታ ላስይዝልህ" የሚል ስልክ ከመጣ ዝጉት።

አቅም ካጠራችሁ ከመክፈያው ቀን በፊት ሄዳችሁ ለርዕሰ መምህሯ ንገሩ። ሁሉም ቦታ እርዳታ አለ ማለት አይደለም። ግን አስቀድሞ የተነገረ ችግር ቀን ይራዘምለታል፤ ሦስት ወር ከተጠራቀመ በኋላ ግን ለእነሱም ይከብዳል።

4. ዩኒፎርም፦ አስፉ፣ ስም ስፉበት

መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ጨርቁን ራሱ ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁ። ካልሸጠ ናሙና ይዛችሁ ገበያ ውጡ። ሰማያዊ ሁሉ አንድ ሰማያዊ አይደለም። ሱቅ ውስጥ በአምፖል አንድ የመሰላችሁ ቀለም ሰልፍ ላይ በፀሐይ ለብቻው ይጮኻል።

ጨርቁን ከመሰፋቱ በፊት አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። መኮማተር ካለበት አሁን ይኮማተር። ተሰፍቶ ከታጠበ በኋላ ሱሪው ቁርጭምጭሚት ላይ ሲቆም ልብስ ሰፊውን መውቀስ ዋጋ የለውም። ለሰፊው "እግሩ ላይ አራት ጣት እጥፍ ተውልኝ" በሉት። ልጁ እስከ ሚያዝያ ያድጋል፤ እጥፉን ፈታ አድርጋችሁ ዓመቱን ትጨርሳላችሁ።

ሁለት ዩኒፎርም ያልኩት ለቅንጦት አይደለም። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ማክሰኞ የቆሸሸ ልብስ ውሃ እስኪመጣ ሐሙስን ይጠብቃል።

አሁን ስም። ማርከር ብቻውን ሦስት እጥበት አይሻገርም። ነጭ ጥብጣብ በሁለት ጣት ልክ ቁረጡ፣ ስሙን፣ ክፍሉንና ስልካችሁን በማርከር ጻፉ፣ ከዚያ አራቱንም ጠርዝ በክር ስፉት። ሹራብ ላይ ከአንገቱ በውስጥ በኩል፣ ሱሪና ቀሚስ ላይ ወገቡ ውስጥ። ማርከሩ ሲደበዝዝ ጥብጣቡ ላይ እንደገና ትጽፉበታላችሁ።

ትልቁ ልጄ ኬጂ በገባ በሦስተኛው ቀን ያለ ሹራብ መጣ። በማግስቱ ሄድኩ። ሲስተር የቢሮውን ቁም ሳጥን ከፈቱልኝ። እላይ በላይ የተጠቀጠቀ ሹራብ፣ ሁሉም ጥቁር ሰማያዊ፣ ሁሉም የአምስት ዓመት ልጅ ልክ። አሥራ ሰባት ቆጠርኩ። ስም የነበረው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም የእኛ አልነበረም። እያሸተትኩ መፈለግ ጀመርኩ። እናት የልጇን ጠረን ታውቃለች ይባላል፤ እኔ እንጃ፣ ሁሉም ብርቱካንና ጠመኔ ነው የሚሸተው። ሲስተር ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው "ለሚቀጥለው ጥብጣብ ይስፉበት" አሉኝ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ስሙን ከቦርሳው ውጭ በትልቁ አትጻፉ። የማያውቀው ሰው መንገድ ላይ በስሙ ሲጠራው ልጁ የሚያውቀው ይመስለዋል። ቦርሳ ላይ ስም ክዳኑ ሥር ይሁን።

5. ደብተር፦ ዝርዝሩን ጠብቁ፣ ከዚያ ሸፍኑ

መርካቶ በደርዘን መግዛት ይረክሳል፣ እውነት ነው። ግን ዝርዝሩ ሳይወጣ አትግዙ። አንዱ መምህር ባለ 50 ሉክ ይላል፣ ሌላው ባለ 32። የታችኛው ክፍል መስመሩ ሰፊ ደብተር ይፈልጋል፣ ሒሳብ ደግሞ ካሬ ሊል ይችላል። ከሁለት ሦስት ወላጅ ጋር ተጣምራችሁ ደርዘኑን ተካፈሉ።

አሸፋፈኑን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፦

- ደብተሩን ገልጣችሁ ካኪው ላይ ዘርጉት። በአራቱም በኩል ሦስት ሦስት ጣት አስተርፋችሁ ቁረጡ።
- ደብተሩ በተሰፋበት መስመር ልክ፣ ከላይም ከታችም ወረቀቱን በመቀስ ሰንጥቁና ትርፏን ምላስ ወደ ውስጥ እጠፏት።
- የላይኛውንና የታችኛውን ትርፍ እጠፉ።
- የጎኑን ትርፍ ስታጥፉ ደብተሩ ይዘጋ። ተገልጦ እያለ ካጠፋችሁት ሲዘጋ ሽፋኑ ይወጠርና በሳምንቱ ይቀደዳል። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።
- ፕላስተሩን ካኪውን ከካኪው ጋር ብቻ አጣብቁበት፣ ደብተሩን አይንካ። ላስቲኩን በላዩ ላይ ልክ እንዲሁ ድገሙት።

ስሙን ላስቲኩ ከመልበሱ በፊት ካኪው ላይ ጻፉ። ላስቲክ ላይ የተጻፈ በእጅ ላብ ይለቃል።

6. መንገዱን አንድ ቀን ሂዱበት

ከመከፈቱ በፊት በሥራ ቀን፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። የፈጀባችሁን ሰዓት ጻፉና ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። ትምህርት ሲከፈት ታክሲውም መንገዱም ሌላ ነው።

ከሰርቪስ ጋር ስትዋዋሉ ስለ ዋጋው ብቻ አትከራከሩ። መኪናው ስንት መቀመጫ አለው፣ ስንት ልጅ ተመዝግቧል? ረዳቱ ልጁን እጅ በእጅ ነው የሚያስረክበው ወይስ አስፋልት ዳር አውርዶት ይሄዳል? የሚቀበለው ሰው ከዘገየ ልጁ የት ይቆያል? የመጨረሻውን ጥያቄ በቀጥታ የማይመልስ ሹፌር ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ልጁን የሚወስደውን ሰው ፎቶ ለጥበቃውና ለስም ጠሪ መምህሩ አስመዝግቡ። ያልተመዘገበ ሰው ስትልኩ ጥበቃው "አልሰጥም" ቢል እንዳትቆጡ። ሥራው ይኼው ነው።

ስለ ጭቃ። መስከረም ጠባ ተብሎ ዝናቡ ወዲያው አያቆምም። የእኛ አካባቢ ጥቁር አፈር ደግሞ ሲረጥብ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ልጁ ቦት አድርጎ ይውጣ፣ ጥቁር ጫማው በፌስታል ይያዝ። በር ላይ ይቀይርና ቦቱን እናንተ ይዛችሁ ተመለሱ። እርጥብ ጨርቅ አትርሱ።

7. ስለ ጸሎትና ስለ መክፈቻው ቅዳሴ ለልጁ አስቀድማችሁ ንገሩት

ካቶሊክ ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ ዓመቱን በቅዳሴ ይከፍታል። ጠዋት ሰልፍ ላይም አጭር ጸሎት አለ። ልጁ ምን እንደሚያደርግ ካልተነገረው ጎን ጎኑን እያየ ይኮርጃል፤ ችግሩ የሚመጣው እሱ ላይ ነው።

ሰልፍ ላይ፦ የእናንተ እምነት ሌላ ከሆነ ዝም ብሎ በሥርዓት መቆም ይበቃል። ማውራትና መሳቅ ግን የለም።

ቅዳሴ ላይ፦ በአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት ቅዳሴው በአብዛኛው በግዕዝ ሥርዓት ነው። ኦርቶዶክስ ወላጆች ከሚያውቁት ጋር ሲመሳሰልባቸው ግራ ይገባቸዋል። ልጁም "የእኛው ነው" ብሎ ቁርባን ላይ ሊሰለፍ ይችላል። ቅዱስ ቁርባን የሚቀበሉት ተዘጋጅተው የሚቀርቡ ካቶሊኮች ናቸው። ሌላው ልጅ ወረፋው ሲነሳ መቀመጫው ላይ ይቆያል፣ ሰውም አይታዘበውም። ማታ ላይ በጨዋታ አሳዩት፦ "እነሱ ሲነሱ አንተ ምን ታደርጋለህ?" "እቀመጣለሁ።" በቃ።

ልጃችሁ ቅዳሴ ላይ እንዳይገኝ ከፈለጋችሁ ወይም ስለ ሂጃብ ጥያቄ ካላችሁ በምዝገባ ጊዜ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። ደንቡ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያል። የመክፈቻው ዕለት ጠዋት በር ላይ ቆሞ መከራከር ልጁን ነው የሚያሸማቅቀው።

ትምህርተ ክርስቶስና ግብረገብ አንድ አይደሉም። ትምህርተ ክርስቶስ ለካቶሊክ ልጆች ነው። ግብረገብ ግን በመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት ያለ፣ ሁሉም ልጅ የሚማረውና የሚፈተነው ትምህርት ነው። "ሃይማኖት ነው" ብላችሁ አስቀርታችሁት ውጤት እንዳይጎድልበት።

አጠራሩንም አስተምሩት። መነኩሲቷ "ሲስተር"፣ ካህኑ "አባ" ናቸው፤ በ"እርስዎ" ይነገራቸዋል። የጎረቤቴ ልጅ ሲስተርን ሲያይ እሪ ብሎ አለቀሰ። እሱ የሚያውቃት ሲስተር ጤና ጣቢያ ያለችው፣ መርፌ የምትወጋው ናት።

8. ምሳ ዕቃ

ልጆች ምሳ አብረው ነው የሚበሉት። ጉርሻም አለ። ስለዚህ ሥጋ አትላኩ። የክርስቲያንና የሙስሊም ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አንዱ በየዋህነት ካጎረሰ ማታ ሁለት ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ነው። በጾም ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የኦርቶዶክስ ልጆች እንቁላልና ቅቤ ያለበት ነገር እንደማይቀምሱ ልጃችሁ ይወቅ። "ጾም ነው" ሲሉት እንዳይከፋው።

ሽሮ ፍርፍር፣ ድንች፣ ሩዝ በአትክልት፣ ፓስታ በቲማቲም ሁሉንም ያስማማል። ምግቡ ሳይበርድ ክዳኑን አትዝጉ። እንፋሎቱ ውስጥ ይታፈንና ፍርፍሩ እስከ ምሳ ሰዓት ይኮመጥጣል። ምሳ ዕቃውን ከደብተር ጋር አታድርጉት፤ ለብቻው በትንሽ ዘንቢል ይሁን።

አንድ ነገር ቤት ውስጥ ሞክሩ። ልጁ ክዳኑን ራሱ ይክፈትና ይዝጋ። መክፈት ካልቻለ የላካችሁለት ምሳ ሳይነካ ይመለሳል። ኮዳውንም እንዲሁ።

9. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

እንቅልፉን ከጳጉሜን ጀምሮ በየቀኑ ሩብ ሰዓት እያስቀደማችሁ አስተኙት። ክረምቱን እስከ እኩለ ሌሊት ሲያመሽ የከረመ ልጅ በአንድ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ላይ አይነሳም።

የክፍሉን የቴሌግራም ግሩፕ ተቀላቀሉ፣ ግን እሱን ብቻ አትመኑ። ከልጁ ጋር የሚላከውን የመልእክት ደብተር በየማታው ገልጣችሁ ፈርሙ። መምህሩ የሚያየው ፊርማውን ነው።

የመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ላይ አንዳችሁ ተገኙ። የወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት) ተወካዮች የሚመረጡት፣ ስለ ክፍያም የሚወራው እዚያ ነው። መስከረም 16 የደመራ ዕለት ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስዱ መንገዶች ይዘጋሉ። ልጃችሁ ያን ቀን የሚማር ከሆነ ሰርቪሱ በየት በኩል እንደሚመጣ በዋዜማው ጠይቁ። 17 በዓል ነው፣ ትምህርት የለም። ከመስቀል በኋላ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ግለጡ። ባዶ የሆነ ደብተር ካለ ወይ መምህር አልተመደበም ወይ ልጁ አይጽፍም፤ ጊዜው ሳይርቅ ጠይቁ።

ሰዎች የሚሳሳቱባቸው ሌሎች ነገሮች

- ጫማ ሁለት ቁጥር አስበልጦ መግዛት። ልጁ ሰልፍ ላይ ሲሮጥ ይወድቃል። አውራ ጣት የሚያህል ትርፍ ይበቃል።
- አዲሱን ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ በመክፈቻው ዕለት ማድረግ። ለበዓሉ ያድርገውና እግሩ ይልመደው።
- የኬጂ ልጅ በር ላይ ሲያለቅስ ተመልሶ ማቀፍ። አንዴ ሳም አድርጋችሁት ሂዱ። ስትመለሱ ለቅሶው እንደሚሠራ ይማራል።
- ቀኑን መሳሳት። ትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ "ሴፕቴምበር 15" ብሎ ከጻፈ መስከረም 5 ነው። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን መስከረም 4።
- ሰዓቱን መሳሳት። ይህ የኔ ነው። ደብዳቤው "8:30" ይላል። እኔም ስምንት ሰዓት ተኩል መስሎኝ ልጁን አጥቤ፣ ምሳውን አብልቼ፣ ዘንጦ ከሰዓት በኋላ ይዤው ሄድኩ። ጥበቃው በሩን ከፍቶ አየኝና "የኔ እመቤት፣ ልጆቹ ሊወጡ እኮ ነው" አለኝ። በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላይ ያለ ሰዓት የፈረንጅ ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ማለት ነበር። ካልገባችሁ "ጠዋት ነው ከሰዓት?" ብላችሁ ደውሉ።